የጎርጎራ ፍርስራሽ



ከዱርቤቴ ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ግቢ የቆመውን የድንጋይ ግንብ «የአባ ፔድሮ ፓኤዝ ሥራ ነው» ይሉናል። ከሐይቁ ማዶ በጎርጎራ ግን የኢየሱሳውያኑ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ሆኗል። አባ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1603 አገራችን ገቡ፤ በ1622 በዚያው በጎርጎራ ዐረፉ። ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት በአዋጅ ቢያስገቡ አገር በደም ታጠበ፤ በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ካህናቱ ተባረሩ፤ በ1638 የመጡት ሁለት የቅዱስ ፍራንሲስ ማኅበር መነኮሳትም ጎንደር ላይ ተሰቀሉ።

ኖራውን ግን ማን አባረረው? ዐፄ ፋሲል በዚያው ኖራ የጎንደርን ግንብ አሠሩ! እንግዲህ የጎርጎራውን «የፈረንጅ ነው» ብለን ሲወድቅ ዝም እንበል? ድንጋዩን የተሸከመው የአገራችን ሰው ነበር። ለክረምት ወደዚያ የሚወርድ ጓደኛ የቀረውን ግድግዳ ለክቶ፣ ሥዕሉን ነድፎ ያምጣልን።