ልስን ሳይጀመር ለኢንተርኔት ገመድ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ
(ለማኅበሩ አባላት የተሰጠ ንግግር)



እንደምታውቁት የብዙዎቻችን ቤት በአንድ ጊዜ ተሠርቶ አያልቅም። ገንዘብ ሲገኝ ይሠራል፤ ሲጠፋ ይቆማል፤ ቤተሰቡም ታች ገብቶ እየኖረ ፎቁ ሳይለሰን ዓመት ይሞላዋል። የመብራቱ ሽቦ ወፍራም ስለሆነ ይህን ይችለዋል። የኢንተርኔቱ ገመድ ግን እንዲያ አይደለም።

ገመዱ ሲላጥ በውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተገምደው ይገኛሉ። በሴኮንድ 1000 ሜጋቢት ለማሳለፍ አራቱም ጥንዶች ያስፈልጋሉ። ለሳኙ በመሣሪያው ነክቶ አንዷን ቢበጥሳት ግንኙነቱ ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ በሁለት ጥንድ ብቻ ወደሚሠራው ወደ 100 ይወርዳል። ባለቤቱም ጥፋቱ የቴሌ እየመሰለው ሲመላለስ ይከርማል፤ ጉዳቱ ግን ያለው ከገዛ ግድግዳው ውስጥ ነው! ያን ጊዜ ቀለም የተቀባውን ግድግዳ እንደገና መፈልፈል ሊመጣ ነው።

ስለዚህ በጅምር ቤት ግድግዳ ውስጥ መግባት ያለበት ገመዱ ሳይሆን ባዶ ቱቦ ነው። ብሎኬቱ ሲፈለፈል 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ኮንዲዩት ይቀበር፤ በውስጡ ጠንካራ ሲባጎ አልፎ በሁለቱም ጫፍ ይታሰር፤ አፉም በጨርቅ ይወተፍ፤ አለዚያ ሲሚንቶ ገብቶ ይደርቅበታል። ማዕዘን ላይ ሰፋ ብሎ ይዙር እንጂ እንደ ክርን አይታጠፍ። ከመብራት ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ ማሳለፍ ፈጽሞ አይገባም፤ ኤሌክትሪሽያኑ «ቱቦ ይቆጥባል» ቢላችሁም እሺ አትበሉት። ልስኑ ካለቀ በኋላ ገመዱ በሲባጎው በእርጋታ ይሳባል፤ ከ11 ኪሎ ግራም በላይ በሆነ ጉልበት ከተጎተተ ግምዱ ይበላሻል።

ገመዱ አስቀድሞ የገባባችሁስ? ጫፉን አትላጡ። ግማሽ ሜትር ያህል ትርፍ ትታችሁ፥ በፌስታል ጠቅልላችሁ፥ በናስትሮ እሰሩት፤ ውሃ ከገባበት በሽፋኑ ውስጥ እየተሳበ ይሄዳል። ፀሐይ ላይም አይክረም። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ቁጥር ይጻፍበት። ግድግዳው ሳይለሰን ደግሞ ሜትር ዘርግታችሁ በስልካችሁ ፎቶግራፍ አንሱ፤ መጋረጃ ሰቃዩ ድሪሉን ይዞ የመጣ ዕለት ጥቅሙ ይታያችኋል።

ስለ ግዢም ልጨምር። በርካሽ ከሚሸጠው ውስጥ ላዩ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም አለ። ሽቦውን በቢላዋ ፋቅ አድርጉት፤ ነጭ ከወጣ አትግዙ።

«ዋይፋይ እያለ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ዋይፋይ በአርማታ ሶሌታ ሲያልፍ ይዳከማል፤ ፎቅ ላይ ሌላ ማሰራጫ ማስቀመጥ ሊያስፈልግ ነው፤ እሱም በገመድ ቢያያዝ ይሻላል።

የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት ኤሌክትሪሽያኑ እያንዳንዱን መስመር በመሞከሪያ መሣሪያ ፊታችሁ ይሞክር፤ ስምንቱም ቁጥሮች በሁለቱም ጫፍ በተራቸው መብራት አለባቸው። አሁን ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።