የግንባታ ምርት ሲለካ ዋጋን ከመጠን የመለየት ጉዳይ



የአንድ ሀገር የግንባታ ወጪ ከአምናው በእጥፍ ቢበልጥ፣ የተገነባው በእጥፍ ጨምሯል ማለት አይደለም። የዋጋውን ጭማሪ ከሥራው መጠን ለመለየት በወቅታዊ ዋጋ የተመዘገበውን ገንዘብ ለዋጋ ኢንዴክስ እናካፍላለን። ስለዚህ የዕድገቱ አኃዝ በመረጥነው አካፋይ ላይ ይመሠረታል።

የስኳርን ዋጋ ለመከታተል ያንኑ ስኳር በየወሩ መጠየቅ ይበቃል። ያው ድልድይ ግን ሁለት ጊዜ አይገነባም፤ አፈሩም ንድፉም ይለያያል። በዚህ የተነሣ ብዙ ጊዜ ወደ ግብዓት ዋጋ እንዞራለን፤ ይኸውም ወደ ሲሚንቶ፣ ወደ ብረትና ወደ ሠራተኛ ክፍያ ነው።

የአንድ ከተማ የግንባታ ሥራ ከ100 ወደ 150 ሚሊዮን ብር አደገ፤ የግብዓት ዋጋም በ50 በመቶ ጨመረ እንበል። በዚህ ስሌት ዕድገቱ ዜሮ ነው። ሆኖም ተቋራጮች ብክነትን ቀንሰው የተጠናቀቀው ካሬ ሜትር በ25 በመቶ ብቻ ተወድዶ ከሆነ፣ 150 ለ1.25 ሲካፈል 120 ይሆናል፤ እውነተኛው ዕድገት 20 በመቶ ነበር። የግብዓት ኢንዴክስ ምርታማነት አይለወጥም ብሎ ይነሣል፤ ከዚያም ምርታማነት እንዳልተለወጠ ይነግረናል። በአንጻሩ ተቋራጮች ትርፋቸውን ቢያሰፉ፣ ትርፉን እንደ ተጨማሪ ሕንፃ ይቆጥረዋል።

የጊዜም ጉዳይ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ቀደም ሲል በማይለወጥ ዋጋ በተፈረመ ውል የሚከፈልን ሥራ ለኋለኛው ወር ዋጋ ብናካፍል፣ የቆመው ግድግዳ በወረቀት ላይ ያንሳል።

የተሻለው መንገድ የተጠናቀቀን ሥራ ዋጋ መከታተል ነው፤ ለምሳሌ ትርፍን ጨምሮ የአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪትን ወይም የአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳን ዋጋ። መረጃው በጨረታ ሰነዶች የዋጋ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ጥንቃቄ ግን ያሻል፤ አንዳንድ ተቋራጮች ገንዘብ ቶሎ ለማግኘት የቁፋሮንና የመሠረትን ዋጋ ከፍ አድርገው፣ የማጠናቀቂያውን ዝቅ ያደርጋሉ። ስለዚህ የአንዱ ሥራ ነጠላ ዋጋ ለብቻው ሊያሳስት ይችላል፤ ሁሉም በየድርሻቸው ተመዝነው መደመር አለባቸው።

በሀገራችን ግንባታ የኢንዱስትሪ ዕድገት ዋነኛ ምሰሶ ሆኖ ቆይቷል። አካፋዩ ከተሳሳተ የበረታውን ዘርፍ ደካማ፣ የተወደደውን ምርታማ እንለዋለን፤ በጀትና ፖሊሲም ያንን ተከትለው ይሄዳሉ። እናንተም በቋሚ ዋጋ የተሰላ የግንባታ ዕድገት ባያችሁ ቁጥር፣ አስቀድማችሁ «ለምን ተካፍሎ?» ብላችሁ ጠይቁ።