ከማስታወቂያው በፊት መጠየቅ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው በተለይ ለሶፍትዌር ባለሙያ ወጣቶቻችን ነው። «እኛ ኮድ እንጽፋለን እንጂ ማኅበር ማስተዋወቅ አናውቅም» ስትሉ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ታውቃላችሁ ባይ ነኝ።

አንድ ፕሮግራም ከመሥራታችሁ በፊት ተጠቃሚውን ትጠይቃላችሁ፤ ምን እንደሚቸግረው፣ እስከ ዛሬ ችግሩን በምን ሲወጣ እንደቆየ ትመዘግባላችሁ። እኛም ነርሶች መድኃኒት ከመስጠታችን በፊት ታካሚውን እንጠይቃለን። ማስታወቂያም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

የራይድ መሥራች ሳምራዊት ፍቅሩ የሶፍትዌር ባለሙያ ናት። አዲስ አበባ ላይ አምሽታ ከሥራ ስትወጣ ታክሲ ማግኘትና በዋጋ መከራከር ያስቸግራት ነበር። ችግሩን ያወቀችው ከራሷ ኑሮ ነው። አገልግሎቱም ዘመናዊ ስልክ ላለው ብቻ አልሆነም፤ 8294 ደውሎም መኪና መጥራት ይቻላል። ቁጥሩ ራሱ የአገልግሎቱ መታወቂያ ሆነ።

ወደ እኛ ልመለስ። ባለፈው ዓመት ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ባሉ ሱቆች «ለልማት እንተባበር» የሚል ወረቀት ለጠፍን። የመጣልን ሰው ጥቂት ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እዚያው መንገድ ላይ አውቶቡስ የምትጠብቅ የአገራችን ልጅ አገኘሁና «እህቴ፣ ለምን አባል አልሆንሽም?» አልኳት። «ስብሰባችሁ እሑድ ከሰዓት ነው፤ እኔ ያን ጊዜ ሥራ ላይ ነኝ። ደግሞ ያን ጊዜ ያዋጣሁት ገንዘብ ምን እንደተሠራበት የነገረኝ የለም» አለችኝ። አፈርኩ። የለጠፍነው ወረቀት ለሁለቱም መልስ አልነበረውም።

ስለዚህ ልለምናችሁ። እያንዳንዳችሁ አምስት ሰው አነጋግሩ። «ብንጠይቅህ ታዋጣለህ?» አትበሉ፤ ሰዋችን ይሉኝታ ስላለው «እሺ» ይላል፣ ከዚያ ይቀራል። ይልቅ ያደረገውን ጠይቁት፦ ለአገር ቤት መጨረሻ ገንዘብ የላክኸው መቼ ነው? ለምን ጉዳይ? በምን መንገድ? ማኅበሩን ትተህ በራስህ የላክኸው ለምንድን ነው?

መልሱን በራሱ ቃል ጻፉ። ማስታወቂያውም በዚያው ቃል ይጻፍ፤ ከመታተሙ በፊት ለነገሯችሁ ሰዎች አንብቡላቸው።

ለሥራ አስፈጻሚዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ሰው የሒሳብ ሪፖርት ከጠየቀ መልሱ የሚያምር ፖስተር አይደለም፤ ሪፖርቱ ነው። ልጆቹ የሚያመጡትን መልስ፣ ቢመረንም፣ እንስማ።