ከላሊበላ ዋሊያን ተከትሎ

(አጭር ሙዚቃ፤ ቀስ ብሎ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ 

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም የእግር ኳስ ብሔራዊ ቡድናችን ዋሊያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ሲረቱ ጎሎቹን ያስቆጠሩት ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ነበሩ። ጨዋታው በወረቀት በእኛ ሜዳ ነበር፤ የተካሄደው ግን በማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የባህር ዳር ስታዲየም ደረጃውን አያሟላም በማለቱ፣ ደጋፊው በ“ሜዳው” ለሚደረግ ጨዋታም ፓስፖርት አስፈለገው። ይህ ያንገበግባል!

ታዲያ ቡድኑን ከላሊበላ መከተል ለሚፈልግ ምን ያስፈልጋል? መጀመሪያ ፓስፖርት፤ ያለውም ቢያንስ የ6 ወር ዕድሜ ይቅረው። ቀጥሎ ቪዛ፤ የሚሄዱበት አገር ኤምባሲ ምን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ማጣራት ነው። ብዙዎች የሚዘነጉት የቢጫ ወባ ክትባት ነው፤ የምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ በመጨረሻው ሳምንት መሮጥ አያዋጣም። ገንዘቡስ? ባንኩ የውጭ ምንዛሪ የሚሸጠው ፓስፖርት፣ ቪዛና የጉዞ ቲኬት አይቶ ነው። ከዚያ በአውሮፕላን፣ ወይም በመኪና በጋሸና፣ ወልድያና ደሴ አድርጎ አዲስ አበባ።

መሄድ ያልቻለውን ጨዋታው በሚደረግበት አገር የሚኖሩ ወገኖች ይተኩታል። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም ኔልስፕሩት ላይ አዳነ ግርማ ዛምቢያ ላይ የአቻነቷን ጎል ሲያስቆጥር፣ ስታዲየሙን በአረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ካደመቁት ብዙዎቹ ደቡብ አፍሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ለመጓዝ ያሰባችሁ፣ ክትባታችሁን ዛሬውኑ ውሰዱ። ሜዳ የምትሠሩ ኃላፊዎች ደግሞ ቡድናችን በአገሩ የሚጫወትበትን ሜዳ አሟሉልን።