የምንዛሪ ለውጥ፥ ቡናና ሸሚዝ



የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሪ ለገበያ በለቀቀ ጊዜ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ይህም ዕቃውን ወደ ውጭ አገር የሚልከውን ሁሉ ይጠቅማል ተባለ። ጥቅሙ ግን እኩል አለመሆኑን በጂማ ላይ ቆሞ መመልከት ይቻላል።

ከአጋሮና ከሊሙ የሚሰበሰበው ቡና በአገር አፈር የበቀለ፥ በአገር ሰው ጉልበት የተለቀመ ስለ ሆነ፥ የጭማሪው አብዛኛው እዚሁ ይቀራል። የልብስ ፋብሪካ ነገር ግን ሌላ ነው። ጨርቁ፥ ክሩ፥ አዝራሩ በአብዛኛው የሚገዛው በዶላር ነው። እስቲ አስቡት፤ አንድ ሸሚዝ በ5 ዶላር ቢሸጥና 3ቱ ለጨርቅና ለአዝራር ተመልሶ ቢሄድ፥ ለውጡ የሚሠራው በቀሩት 2 ዶላሮች ላይ ብቻ ነው። ከነዚህም ውስጥ ዋነኛው የሰፊዋ ደመወዝ ነው። እንግዲህ የረከሰው ሸሚዙ ሳይሆን የእርሷ ጉልበት ነው ማለት ነው፤ ዘይቱን ግን የምትገዛው በአዲሱ ዋጋ ነው። (የእኛን የቢሮ ሠራተኞችን ነገር ለሌላ ቀን እናቆየው።)

ድንገተኛነቱም የራሱ ጉዳት አለው። በብር ተበድሮ ጨርቅ የሚያስመጣ ፋብሪካ፥ ለዚያው ጥቅል ጨርቅ በእጥፍ የሚጠጋ ብር መፈለግ ግድ ይሆንበታል። በአዋሽ ሸለቆና በመተማ የሚበቅለው ጥጥ በአገር ውስጥ ተፈትሎና ተሸምኖ ለጂማ ሰፊዎች ቢደርስ ግን፥ ከ5ቱ ዶላር የሚበዛው እዚሁ ይቀር ነበር።