የአሮጌ እሳት አደጋ መኪና መለዋወጫ ከየት ይገኛል?

የዛሬው ርዕሳችን መለዋወጫ ነው፤ ያውም የአሮጌ እሳት አደጋ መኪና መለዋወጫ። መኪናው በፈረንጆቹ 1950ዎቹ እንግሊዝ አገር የተሠራው ዴኒስ ኤፍ 12 ነው እንበል። ይህ ሞዴል መመረት ካቆመ ዘመናት አልፈዋል። ታዲያ መለዋወጫው ከየት ይመጣል? መቼም የድስት ክዳን ሲጠፋብን የምንለካው የድስቱን አፍ ነው፤ አፉ እኩል ከሆነ የሌላ ድስት ክዳንም ይገጥማል። መለዋወጫም እንደዚያው ነው። የዴኒሱ ሞተር ሮልስ ሮይስ ቢ 80 ነው። ይኸው ሞተር ደግሞ ሳላዲንና ሳራሰን በተባሉት የእንግሊዝ ጦር ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች ላይም ተገጥሟል። ስለዚህ የሞተሩ መለዋወጫ የሚፈለገው በመኪናው ስም ሳይሆን በሞተሩ ስም ነው።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? አዲስ ሞተር መግጠም አይቀልም?» የሚል አይጠፋም። ለመንዳት ብቻ ቢሆን ልክ ነው። ነገር ግን እዚህ መኪና ላይ ጎማውንም የውሃ ፓምፑንም የሚያሽከረክረው ያው አንድ ሞተር ነው። እሱ ከተቀየረ፣ መኪናው ቢሄድም እንኳ ድሮ እንዴት ውሃ ይገፋ እንደነበር በትክክል አያሳየንም። ጎማና የፍሬን ሸራ ላይ ግን ለታሪክ ተብሎ ያረጀ መለዋወጫ አይተውም፤ መንገድ የሚወጣ መኪና በደንብ መቆምም አለበትና።