የእባብ ልጅ መጫወቻ አይደለም

የዛሬው ንግግራችን ስለ ትንንሽ እባቦች ነው። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ድንጋይ ሲፈነቅሉ ወይም ጭድ ሲገለብጡ ትንሽ እባብ ያገኛሉ። «ይህችማ ገና ሕፃን ናት፤ ምን ታደርጋለች?» ብለው በእንጨት ያነሧታል፤ በጅራቷም ይይዟታል። ይህ አደገኛ ነው።

ለምን ቢባል፣ እፉኝትን እንውሰድ። እፉኝት እንቁላል አትጥልም፤ ትወልዳለች። ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 የሚሆኑ ልጆች ባንድ ጊዜ ትወልዳለች። ልጆቿ ሆዷን ቀደው ይወጣሉ፣ እሷም ትሞታለች ሲባል እንሰማለን። ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ እናቲቱ ወልዳ በደኅና ትሄዳለች። የልጆቹ ርዝመት አንድ ስንዝር ያህል ነው። ነገር ግን ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ ጥርስም መርዝም አላቸው።

«እባብን ማላመድ ይቻላል ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በሌላ አገር መርዝ የሌላቸውን እባቦች ከትንሽነታቸው ጀምረው በቤት የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። እነሱም እባቡ ከበላ በኋላ ሁለት ቀን ያህል አይነኩትም። ሲያነሡትም ከሥሩ ደገፍ አድርገው ነው። አሞራ ከላይ ስለሚነጥቀው፣ ከላይ የመጣን እጅ ይፈራልና። ያም ሆኖ እባብ እጅን ይለምዳል እንጂ እንደ ውሻ ጌታውን አይወድም። የመርዘኛ እባብ ልጅ ደግሞ ቢለምድም መርዙ አይጠፋም። በሜዳ ያገኘነው እባብ መርዝ ይኑረው አይኑረው በዓይን ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ አንንካው፤ የሞተ ቢመስለንም አንንካው።

ልጅ በእባብ ቢነደፍ እነዚህን እናስታውስ፦

አንደኛ፣ ልጁ አይሩጥ። የተነደፈውን እጅ ወይም እግር አያንቀሳቅስ።

ሁለተኛ፣ ቀለበት፣ አምባር ወይም ጫማ ካለ ቶሎ ይውለቅ፤ ቦታው ያብጣልና።

ሦስተኛ፣ ቁስሉን በምላጭ አንብጣው፤ በአፍ አንምጠጠው፤ በገመድም አጥብቀን አንሰረው።

አራተኛ፣ በቃሬዛ ተሸክመን ሳንዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ እናድርሰው። እባቡን ለመያዝ ስንል ጊዜ አናጥፋ፤ ሌላ ሰውም ይነደፋል።

መርዙን የሚያረክሰው መድኃኒት በሐኪም እጅ በደም ሥር የሚሰጥ ነው። ጤና ጣቢያው ከሌለው ወደ ሆስፒታል ይልካል። ሰዓቱ ግን አይጠብቅም።

እንግዲህ ማንበብ የቻላችሁ ሁሉ ይህን ጽሑፍ ዛሬ ማታ ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው። ነገ ከብት ይዘው የሚወጡት እነሱ ናቸው።